ነኢማን ላመጣት ሐርጌሳ የሄድኩ ጊዜ

ሩቅ አገር የሄደ ልጅ ሁለት ኑሮ አለው። አንዱን ራሱ ይኖረዋል፤ ሌላውን የሰፈሩ ሰው ይኖርለታል። ራሱ የሚኖረው ብዙ ጊዜ ተራ ነው፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሰፈሩ የሚኖርለት ግን መልኩ ብዙ ነው። በዚያኛው ኑሮ ልጁ ዛሬ ይከብራል፣ ነገ ይታሰራል፣ በሦስተኛው ቀን ማንነቱ ከማይታወቅ ሰው ጋር ይጋባል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ምስኪኑ እዚያ ማዶ ቁጭ ብሎ ልብሱን እያጠበ ነው። እናንተም ሰፈር ይኖራችኋልና ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኛ ባቢሌ አጠገብ ኦቾሎኒና ማሽላ እናርሳለን። ከእኛ መንደር ድንበር ተሻግረው ሐርጌሳ የሚገቡ ሴቶች አብዛኞቹ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር በኩል ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። የሚሠራ እጅ አይነቀፍም፤ መንደራችን ግን ይነቅፈዋል። ልጄ ነኢማ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ሐርጌሳ ውስጥ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚያስተምር ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና ተቀጠረች ስንል፣ ሰዉ «ማሻአላህ፣ መምህርት» ይልና ዓይን ለዓይን ይተያያል። አንድ ቀን እናቷ ከገበያ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። «ሂድና አምጣት» አለችኝ። «እዚህ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ጠፍቶ ነው?»

«እሺ» አልኩ።

ሐርጌሳ የደረስኩት ረቡዕ ነው። ከመኪና እንደወረድኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ድንበር የሚመለሰውን ሾፌር አናገርኩና ሁለት ቦታ ያዝኩ፤ አንድ ለኔ፣ አንድ ለነኢማ። ከዚያ በባጃጅ ኮድቡር በሚባል ሰፈር ወደተከራየችው ክፍል ሄድኩ። በሩን ከፍታ እጄን ሳመችና የያዝኳትን ትንሽ ቦርሳ አየቻት። ነገሩ ያኔውኑ ገባት፤ ሊሰነብት የመጣ ሰው እንዲያ ያለ ቦርሳ አይዝም። ለምን መጣህ አላለችኝም። እኛ ቤት የሚታወቅ ነገር አይነገርም።

«አባ፣ ነገ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የወላጆች ስብሰባ አለኝ» አለች እራት ስታቀርብልኝ። «እሱን ልጨርስና…»

«ጨርሺ» አልኳት።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። የተከራየችው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ፣ ሰው ተቀምጦ ሲሰማ ማየት ይሻላል ብዬ ነው። ወላጆቹ በልጆቻቸው ዴስክ ላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። እኔም ከኋላ አንዱ ውስጥ ገባሁ፤ ስገባ ጉልበቴ ተቀርቅሮ ቀረ። ሶማሊኛ ከልጅነቴ ጀምሮ ገበያ ላይ የለመድኩት ቋንቋ ስለሆነ የሚባለው አያመልጠኝም።

የዚያ ትምህርት ቤት ወግ እንዲህ ነው። አዲስ መምህር ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ጽፎ ለወላጆች ያነባል፦ ማን እንደሆነ፣ ከተማሪው ምን እንደሚጠብቅ፣ ለምን እንደሚያስተምር። እኛ ዘንድ ይህን ያህል ሙሽራም አይጠየቅም።

ማንነቷን ቶሎ ጨረሰችው። የት እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች፣ መቼ እንደተመረቀች። ወላጆቹ ገበያ ላይ የላም ጥርስ እንደሚያይ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት። ጣጣው የመጣው ሁለተኛው ላይ ነው።

«እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ጮክ ብሎ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲሳሳት እጠብቃለሁ» አለች። «በተሳሳተ ልጅ የሳቀ ይቀጣል። ወላጅም ልጁ ቤት ሲገባ ‹ዛሬ ምን አወቅክ› ብሎ አይጠይቀው፤ ‹ዛሬ ምን ተሳሳትክ› ይበለው።»

ክፍሉ ተንጫጫ።

«ወላሂ፣ የኔው ሳይታዘዝ በቀን ሠላሳ ይሳሳታል!» አለች ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴት።

«ታዲያ ዘንድሮ አንደኛ ሊወጣልሽ ነዋ!» አላት አንዱ ከጎን።

ሂና የተቀባ ጺም ያለው መሐሙድ የሚባል የጎማ ነጋዴ ግን አልሳቀም። «ለመሳሳት መቼ ትምህርት ቤት አስፈለገ?» አለ። «እሱን ቤታችን ሆነንም እንችልበታለን።»

እውነቴን ነው፣ በልቤ ከመሐሙድ ጋር ነበርኩ። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት እንዳይሳሳቱ ነው። ከተሳሳቱም እንዳይሰማ። ይቺ ልጅ ይህን ከማን ተማረችው እያልኩ ሳሰላስል ሦስተኛው ላይ ደረሰች። እዚያ ላይ ቆም አለች። ወረቀቱን የጻፈችው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ቀና ብላ ከኋላ እኔን አየችኝ፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ልግባ ወይ እንደሚል ሰው። እኔም ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ቬንቲሌተር አየሁ። አነበበች።

«የማውቀው አንድ ገበሬ አለ። ጠንካራ ሰው ነው። አንድ ክረምት ኦቾሎኒውን ተባይ በላበትና ገበያ ወርዶ መድኃኒት ገዛ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር። ይህ የምን መድኃኒት ነው ብሎ ሻጩን መጠየቅ አፈረ። መድኃኒቱ ማሽላ ውስጥ ለሚበቅል አረም የሚረጭ ነበር። በአምስተኛው ቀን ኦቾሎኒው ሁሉ ተኮማትሮ ደረቀ። ገበሬው ለሰው ‹በሽታ መታው› አለና ጠርሙሱን ጓሮ ቀበረው። ጠርሙሱን ዶሮ ጭራ አወጣችው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ አገኘችውና መዝገበ ቃላት ይዛ ሦስት ቀን ሙሉ አነበበችው። በሕይወቷ ጨርሳ ያነበበችው የመጀመሪያ እንግሊዝኛ እሱ ነው። ለማንም አልተናገረችም።»

ጣቷን ወደ መጨረሻው መስመር አወረደች።

«ማንበብ የማይችል ሰው ጠይቆ ይድናል። መጠየቅ የሚያፍር ግን ማንበብም አያድነውም። የማስተምረው ለዚህ ነው።»

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በዚያ ላይ በአማርኛ። ያንን ጠርሙስ ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ እንዴት እንዳገላበጥኩት አሁንም እጄ ያስታውሰዋል። ለሚስቴ እንኳ ያልኳት «የአላህ ሥራ ነው» ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የራሴን ጥፋት አላህ ላይ ጥዬ ኖሬያለሁ፤ አስተግፊሩላህ። ለካ ያን ዓመት፣ ያቺን የሳሳች ገበታ ከበን ስንበላ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ታውቅ ኖሯል። እያወቀች «አባ፣ ብላ እንጂ» ትለኝ ነበር።

«ገበሬው ይቆየን» አለ መሐሙድ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ይህ ጥያቄ እዚያ አገር ስድብ አይደለም። ሰው በዲፕሎማው አይታወቅም፤ ቢጠፋ ስለሱ በሚጠየቀው ሰው ነው የሚታወቀው።

«ያለፈው ዓመት የእንግሊዝኛ መምህርም ከእናንተው አገር ነበር» ብሎ ቀጠለ። «ጎበዝ ነበር፣ አልዋሽም። ዓመቱ ሲጋመስ የስልኩን ቻርጀር ከግድግዳው እንኳ ሳይነቅል ጠፋ። ልጆቻችን ሦስት ወር ያለ መምህር ተቀመጡ። አንቺስ ብትሄጂ ማንን እንይዛለን? ዋስሽ ማነው?»

ዳይሬክተሩ ተነሥቶ «ውል ተፈራርመናል እኮ» አለ።

«ወረቀት ሮጦ ሰው አይዝም!» አለው መሐሙድ፤ ሌሎቹም አጉረመረሙ። ዳይሬክተሩ ወደ ነኢማ ዞሮ፣ ወላጆች ካልተስማሙ ሌላ ሰው ከመፈለግ በቀር የሚያደርገው እንደሌለ ዝግ ባለ ድምፅ ነገራት።

ነኢማ ወረቀቷን አጠፈች። አባቴ ይኸው ብላ በጣቷ ብታመለክት ይበቃት ነበር። አላመለከተችም። የመጣሁበትን ታውቃለቻ። ሊወስዳት የመጣን ሰው እንድትቀር ዋስ ሁነኝ ማለት አልሆነላትም። ዝም ብላ ቆመች፤ ዝምታዋን ከማን እንደወረሰችው ልነግራችሁ አልፈልግም።

ተነሣሁ። ዴስኩም አብሮኝ ተነሣ። ጉልበቴን አላቅቄ መሬት እስካስቀምጠው ድረስ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ማነህ?» አለ መሐሙድ።

«ገበሬው።»

«የትኛው ገበሬ?»

«ሻጩን ያልጠየቀው።»

ነኢማ የሂጃቧን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። መሐሙድ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጅህ ናት?»

«ናት።»

«ዓመቱን ትጨርሳለች?»

«ትጨርሳለች።»

መሐሙድ መዳፉን ዘረጋ፣ ሁሉም ዘረጋ፣ የቁርኣን መክፈቻው ፋቲሓ ተቀራ። በፋቲሓ የታሰረ ነገር ደግሞ እዚያም እኛም ዘንድ አይፈታም። «አሚን» ብዬ ፊቴን ከዳበስኩ በኋላ ነው የቅዳሜው መኪና ትዝ ያለኝ።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን።

«አባ፣ ሁለት ቦታ ይዘህ አልነበር?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አውቅሃለሁ።»

«ይዣለሁ።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።»

ሳቀች። ትንሽ እንደሄድን ሳቁን ተወችውና «ስላነበብኩት ተቀየምከኝ?» አለች። አንድ ሱቅ አለፍን፣ ሁለተኛውንም አለፍን።

«ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር» አልኳት። «ሻጩን። ከኋላዬ ጎረቤታችን ቆሞ ስለነበረ ነው የዘጋሁት።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ክንዴን ያዘችና እስከ በሩ ድረስ ሳትለቀኝ ሄደች።

ቅዳሜ ብቻዬን ከመኪና ስወርድ የነኢማ እናት ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገች። የሆነውን ስነግራት «ሄደህ አምጣት አልኩህ እንጂ ሄደህ ታሰርላት አልኩህ?» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ክሳት አላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በሳምንቱ ገበያ ላይ «እኛማ ሐርጌሳ ላይ ዋስ ነን» ስትል ተሰማች አሉ።

ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ግን ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። መሐሙድ ስልክ ቁጥሬን ይዟል። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይደውላል። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ዋስ!» ብሎ ይጀምራል። ልጅህ የቤት ሥራ አበዛች። ልጅህ ልጄን ከመስኮቱ አጠገብ አስነሣችው። ልጅህ ትናንት ሳል ይዟት ነበር፣ ማር ልከንላታል። አራተኛ ክፍል ያቆምኩት ሰውዬ ይኸው የእንግሊዝኛ ትምህርት አቤቱታ ሰሚ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የደወለው ኦቾሎኒ ስንነቅል ነው።

«ዋስ፣ ይሄስ በዛ!» አለኝ። «ስለ አባታችሁ ሃያ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብላ፣ ልጄ ከሱቅ እስከ ቤት እየተከተለ ያደርቀኛል። በልጅነትህ ምን ትፈራ ነበር ይለኛል። ምን ተሳስተህ ታውቃለህ ይለኛል። ይህ እንግሊዝኛ ነው?»

«መልስለት» አልኩት።

ጎማ ሲነፋ በስልኩ ይሰማኛል።

«አንተ ለልጅህ መልሰህላት ታውቃለህ?» አለኝ።

እኛ ማሳ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ያን ቀን ግን፣ ሲፈልገው፣ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሏል።

«አንዴ» አልኩት። «እሱንም ሁለት ሱቅ ካለፍኩ በኋላ ነው።»

«ሃያ ዓረፍተ ነገር ነው የተባልነው» አለ መሐሙድ።

«እኔ ዋስ ነኝ እንጂ ተማሪ አይደለሁም» አልኩና ዘጋሁት።