የመኪናዬ ሳል

በእኛ ከተማ አንድ ነገር ሲታመም ሐኪም አይጠፋም፤ የሚጠፋው በሽታው ነው። የታመመው መኪና ከሆነማ ወረታ በሙሉ ሐኪም ነው።

አሮጌዋ መኪናዬ ለቦሎ ቀርባ በጭሷ ወደቀች። እናቴን ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውሃ ላደርሳት ቃል ገብቼላታለሁ፤ ያለ ቦሎ ደግሞ ከመገንጠያው ትራፊክ ፖሊስ አላልፍም። መድኃኒት ፍለጋ ገባሁ።

አንዱ መካኒክ ካንዴላውን ፈታና «እሱ ነው» አለ። ቀየርን፤ እየሳለች ጨሰች። ሌላው ካርቡሬተሩን አጠበላት፤ ባሰባት። ሌላው ደግሞ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ደግኖ፣ ንስሐ እንደሚሰማ ቄስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሞተሩ ይውረድ» ሲል ፈረደ። ባጃጅ ነጂው ጎረቤቴ እንኳ አንገቱን አስግጎ «ቡዳ ነው ጋሼ! አዲስ ጎማ ስታስገባላት አይተውብህ ነው» አለኝ። አትሳቁ፤ ሳያስከፍል የመረመራት እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ኮፈኑን ራሴ ከፈትኩ። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ በዝቶ አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ አየር ካነሰ ደግሞ የሚገባበትን በር ማየት ነው። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ባነሳው የሩዝ እብቅ ጢም ብሎ ሞልቶታል! ከቤቴ ፊት ለፊት የሩዝ መፈልፈያ አለ፤ ቀኑን ሙሉ እብቁን እኔና እናቴ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ሲተፋ ይውላል።

እዚህ ላይ የቆየ ቁስሌን ልነካካ ነው፤ ታገሱኝ። ያ መፈልፈያ ሲተከል ፈቃድ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። «መኖሪያ ሰፈር ውስጥ አይሆንም፤ አቧራው ሰው ይጨርሳል» ብዬ አልፈርምም አልኩ። «የልማት እንቅፋት» ተባልኩና ከወንበሬ ተነሳሁ። በቦታዬ የተተካው አቶ ስጦታው ወንበሩ እንኳ ሳይሞቀው ፈረመ። ፊርማ ደግሞ ያሳድጋል፤ ዛሬ የቦሎ ምርመራው ኃላፊ እሱ ነው። መኪናዬ የወደቀች ዕለት በሰው ፊት «ወንድሜ፣ አየራችንን እየበከልክ እኮ ነው» ብሎ የመከረኝም እሱ ነው።

ማጣሪያውን ታቅፌ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አራገፍኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ከወንበሩ ዘሎ።

«የመኪናዬ በሽታ ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ከፊርማዎ።»

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። አቶ ስጦታውም አብሮ ሳቀ፤ ሹመት የማያስተምረው ነገር የለም። መኪናዋ በአዲስ ማጣሪያ እንደገና ተመርምራ አለፈች።

በማግስቱ እናቴን አሳፍሬ ወደ ወንዛዬ ወጣን። ከሩዙ ማሳ ዳር ዳር ስንሄድ፣ እናቴ ያ መፈልፈያው ከተተከለ ወዲህ የማይለቃት ሳል ይዟት ብዙ ቆየች። ትንፋሿ ሲመለስ ከፊቷ ያለውን የመኪናዋን ዳሽቦርድ በእጇ ደባበሰች።

«እሰይ፣ እሷንስ ለቀቃት» አለች። «አሁን ደግሞ የእኔን ክዳን የሚከፍት ፈልግልኝ፣ ልጄ።»