ኢተፋ በረዶ ሊማርኩ ወደ ሱሉልታ እንደ ዘመቱ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ኃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ካፖርቱ በኢተፋ ትከሻ ላይ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ብርድን የሚያፈቅሩ፣ ጭጋግን የሚናፍቁ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ፊታቸው የሚጠቁር፣ ስማቸው ከሰበታ እስከ ቡራዩ የተሰማ፣ የኮሪያ ዘማችና የወፍጮ ቤት ዘበኛ የሆኑት አሥር አለቃ ኢተፋ ደቻሳ የሠሩትን ሥራ፣ ያየነውን ሳንቀንስ፣ ያላየነውንም ጎረቤት ጠይቀን፣ እነሆ እንጽፋለን። የማያምን ይተወው፤ ለእርሱ ብለን ቀለም አልበጠበጥንም።

እኒህ ጀግና በኮሪያ ተራራ ላይ ሳሉ፣ ባልንጀሮቻቸው ብርዱን ሲረግሙ፣ እርሳቸው ብቻ አንጋጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ነጭ ዱቄት ያለ ወንፊት ከሰማይ ሲወርድ አይተው፣ በዚያች ሰዓት ልባቸው ከእጃቸው ወጣ። በተመለሱም ጊዜ አመድማ ካፖርት፣ ቁልፉ ስምንት፣ ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት የሆነ፣ ይዘው ገቡ። ሰበታ ግን ምን ታድርግ! ክረምቷ ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ዝናቡን ያወርዳል፣ ሰው ጉድ ሊታይ ነው ሲል ፀሐይ ብቅ ትላለች። ኢተፋም ስምንቱንም ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በወፍጮ ቤቱ በር ተቀምጠው፣ ላብ በጀርባቸው እየወረደ፣ ይህም ክረምት ተብሎ እያሉ ሰበታን ሲያሟት ዘጠኝ ዓመት ኖሩ።

እህል ሊያስፈጩ የሚመጡት ሰዎች ግን የዱቄቱን ነገር አላመኗቸውም። ዱቄት ከየት እንደሚወጣ እነርሱ ያውቃሉዋ! ይልቁንም ኦቦ ባጫ፣ ዕድሜያቸው ሰባን የዘለቀ፣ ጋቢያቸው የሳሳ፣ ምላሳቸው ግን ጨርሶ ያልሳሳ፣ ነሐሴ አሥር ቀን በወረፋ ጠባቂው ሕዝብ ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይህ ሰው ሰማይ ዱቄት ሲነፋ አየሁ እያለ ጆሯችንን አደነቆረው። እኔ ሽማግሌው በዚች ጋቢ ስንቀጠቀጥ እሱ ካፖርት ደርቦ ሞቀኝ እያለ ያማርራል! ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት። እንግዲህ በቡሄ ዋዜማ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚህ በር ላይ በረዶ ካሳየን፣ ዱቄቱንም አምነናል። ካላሳየን ካፖርቱ የኔ፤ የኮሪያው ወሬም ከዚያ ወዲያ ክልክል ነው!»

ኢተፋ ይህን ሰምተው ደማቸው ፈላ። ካፖርቱን ማጣት ከባድ ነበረ፤ ከዚያ የከበደው ግን ያዩትን አላየህም መባል ነበረ። ስለዚህ እሺ ብለው፣ ሰበታ በረዶ ከነሳች ሱሉልታ አለች ብለው፣ ለዘመቻ ተነሡ። የቤታቸው እመቤት ወይዘሮ ጠጅቱም በጓዳቸው ሆነው፣ ለድስቱም ለዶሮውም በሚሰማ ድምፅ አወጁ፦

«ስሙ ስሙ! ጤነኛ ሰው ከብርድ ይሸሻል፣ የኔ ጉድ ደግሞ ብርድ ፍለጋ ይሄዳል። ሂድ፣ አልከለክልህም። ደግሞ ታመህ ብትመጣ እኔን አያገባኝም!»

ይህንንም ካወጁ በኋላ ዳቦ ቆሎ ቋጠሩላቸው።

የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው፦ በፊት አውራሪነት ካፖርቱ፤ በቀኝ የዳቦ ቆሎው ከረጢት፤ በግራ ጭድ የተሞላ ጆንያ፤ በደጀን የጎረቤት ውሻ፣ እርሱም እስከ አውቶቡሱ ድረስ ዘምቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ ከድቶ የተመለሰ። ጃንጥላ ግን የክረምት ጠላት ነውና አልተጠራም።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ከሰበታ ተነሥተው፣ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ ወተት አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ ተንጠላጥለው፣ እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ገቡ። ኧረ እንዴት ያለ ጭጋግ! ኧረ እንዴት ያለ ጭቃ! ጫማቸው ሁለት ጊዜ ተማረከ፣ ሁለት ጊዜም አስመለሱት። በአባታቸው እህት በወይዘሮ ደጊቱ ቤት አርፈው፣ ሰማዩን እንደ ዳኛ ፊት ሲመለከቱ ሰነበቱ ብንል ሐሰት ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለእርሳቸው ግን ዓመት ሆነባቸው።

በማግሥቱ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓዱ ጮኸ፣ ባቄላ ባቄላ የሚያህል በረዶ ሜዳውን መታው። ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ ኢተፋ ወደ ሜዳ ሮጡ። ራሳቸውን አስደበደቡ፣ ዘለሉ፣ እንደ ሴት እልል አሉ፣ በካፖርቱ እጥፋት በረዶውን አፈሱ። ላሞቹ ማመንዠካቸውን ትተው አዩአቸው።

በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ደጊቱ፣ ኢተፋ ለበረዶው መያዣ የጠየቋቸውን የወተት ቅል ሊሰጡ ቀረቡ። ጾመ ፍልሰታ በመሆኑ ለወንድማቸው ልጅ ወተት ማጠጣት አልቻሉም ነበርና ይህ ሲቆረቁራቸው አድሮ፣ በምድጃው ፊት እንዲህ አወጁ፦

«ያ ኢልማ ኮ! ልጄ ከቤቴ ወተት ሳይቀምስ ሊሄድ ነው። ቅሉንስ ሳላጥን ብሰጠው ሱሉልታ ምን ትለኛለች? እኔ በሕይወቴ ያልታጠነ ቅል ለሰው ሰጥቼ አላውቅም!»

አሉና በወይራ ፍም አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ስለ ፍቅራቸውም ሦስተኛ ጊዜ አጠኑት፤ ቅሉም እንደ ምጣድ ጋለ። ኢተፋ እየሮጡ ገብተው በረዶውን ገለበጡበት። ከቅሉ አፍም ጉም ሲወጣ ባዩ ጊዜ፣ በኮሪያ ብርድ የሰው ትንፋሽ እንዲህ ይጨስ ነበርና፣ በረዶው የሚተነፍስ መስሏቸው ደስ አላቸው። ከድነው፣ በጭዱ ጆንያ ቀብረው፣ አክስታቸውን ጉልበት ስመው ተሰናበቱ።

ወደ ሰበታም በደረሱ ጊዜ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሕዝቡ በወፍጮ ቤቱ በር ተሰብስቦ፣ ኦቦ ባጫ በፊት ቆመው፣ ወፍጮው እንኳ ዝም ብሎ፣ ቅሉ ተከፈተ። ውስጡም ውሃ ነበረ። ወይራ ወይራ የሚል፣ ለብ ያለ ውሃ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔ ጸሐፊውም ሳቅሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ኢተፋ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ይህን አንሸፍንም። ወታደር ናቸውና ቃላቸውን አላጠፉም፤ ስምንቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈትተው፣ ካፖርቱን በሽማግሌው ትከሻ ላይ በሁለት እጃቸው ደረቡት።

ኦቦ ባጫም ከክብደቱ የተነሣ ጎበጥ ብለው፣ እጅጌውን ዳሰው፣ ገበሩን ዳሰው፣ ኮሌታውን እስከ ጆሯቸው አቁመው አወጁ፦

«ዱጋዳ! እውነት ነው! እናንተ ሰዎች፣ ይህን የሚያህል ልብስ በዋዛ የሚሰፋ አገር የለም። ይህን ያሰፋ ብርድ ሰማዩንም ዱቄት ያስነፋል። እኔ ባጫ አምኛለሁ፤ የኮሪያው ወሬ ከዛሬ ጀምሮ ተፈቅዷል። ካፖርቱን ግን አልመልስም፣ ሞቀኝ!»

በዚያን ጊዜ ከወጨጫ ተራራ የወረደው ነፋስ ካፊያ ይዞ መጣና በኢተፋ ስስ ሸሚዝ አንገት ገባ። ጀርባቸውን ዞረ፤ ጸጉራቸው ቆመ፤ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሳቸው ከጥርሳቸው ተጋጨ። እጃቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያም የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ አወጁ፦

«በረደኝ! ሰዎች፣ በረደኝ እኮ! ጥርሴን ስሙት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰበታን አማኋት፤ ለካስ ክረምቷ ውጭ ቆሞ ሲጠብቀኝ ስምንት ቁልፍ የቆለፍኩበት እኔው ነኝ! ጠጅቱ፣ ነይ ውጪና እይኝ፤ እየበረደኝ ነው!»

ይህንም ብለው በካፊያው ውስጥ እየዘለሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጅራፍ ያስጮኹ የነበሩት የቡሄ ልጆችም እየጨፈሩ ተከተሏቸው።

ክብር ለኢተፋ ደቻሳ፣ በረዶ ማርከው ለለቀቁ፣ ካፖርት ተሸንፈው ክረምት ላሸነፉ! ደመና ከራሳቸው ላይ አይታጣ፣ ነፋሱ ደጃቸውን አይርሳ፣ ፀሐይም ስትወጣ ፈቃድ ትጠይቃቸው። እኛም ከልጅ ልጆቻችን ጋር እንዲህ ሲንቀጠቀጡ ለማየት ያብቃን፤ አሜን።