በወሬ ሥጋ ጾም የማይፈቱት ጋሽ ደምሴ

ሥጋ የሚጾም ሰው ሞልቷል። የወሬ ሥጋ የሚጾም ሰውስ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ያኔ ከቀበሌ ስብሰባ ስንመለስ አእምሯችን ደንዝዞ ስለሚቀር፣ ማፍታቻ የሚሆን ጨዋታ ፈጠርኩ። እኔ ተረቱን አወራለሁ፤ ጋሽ ደምሴና ሌላው ጎረቤታችን መምህር አበበ ጀግኖቹን ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ተሳካ አልተሳካ የሚለውን አንድ ጎኑን በከሰል ያጠቆርኩት ባቄላ ተወርውሮ ይፈርዳል።

በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጀግኖቹ አንኮበር ገደል ሥር፣ ገናን ሰርቆ የደበቀው ዘንዶ ዋሻ ደረሱ። ዘንዶው ጥብስ አቀረበና፣ "ደምሴ አንድ ጉርሻ ከበላ ገናን እመልሳለሁ፤ እምቢ ካለ አበበን እውጣለሁ" አለ።

"ጾም ነው፤ አልበላም" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"በወሬ እኮ ነው ጋሼ!" አለ አበበ።

"የወሬ ሥጋ ሥጋ አይደለም? ነፍስ በምኞት አትረክስም?"

ምን ላድርግ? ዘንዶው አበበን ዋጠው። መምህሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጨዋታው ያጀገነውን ገጸ ባሕርይ አጥቶ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ደምሴ ግን አማተቡና፣ "ታድሎ! ለጾም ሞተ" አሉ።

ይሄኔ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ጭልፋ እንደያዙ የቤቴን በር በረገዱት።

"አንተ ሰውዬ! የዶሮዬ ብልት አሥራ አንድ ብቻ ሆነ። ለነገ ለአንተው ያልኩት ፈረሰኛ የት ገባ?"

ሁላችንም ወደ ጋሽ ደምሴ ዞርን። ጢማቸው ላይ ቀይ ወጥ ደርቋል። እሳቸው ግን ጢማቸውን ቀስ ብለው ጠረጉና፣ በጣታቸው እኔን እያሳዩ፣

"ዘንዶውን ጠይቂው" አሉ።