እጅ የሚያሠራው አሰልጣኝ

ኑሮን ሁሉ በኳስ የሚፈታ ሰው የሌለበት አጥቢያ የለም። አለ የሚል ካለ የሚያመልክበትን ቦታ ይንገረኝ፤ ሄጄ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በጣቴ አሳየዋለሁ። ይህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስንም የጨዋታ ሕግንም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ችግሩ የትኛው ቃል ከየትኛው እንደመጣ ከተምታታበት ቆይቷል።

የእኛው የአጥቢያ ኳስ ቡድን ክቡር አሰልጣኝ በሙያው ቧንቧ ጠጋኝ ነው። "እግሬ ውኃ ውስጥ ነው የሚውለው" ብሎ ክረምት ከበጋ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። በነጠላ ጫማ ቧንቧ ይጠግናል፣ በነጠላ ጫማ ይዘምራል፣ በነጠላ ጫማ ያሰለጥነናል። ባልና ሚስት ተጣልተው ሊያስታርቅ ሲጠራ ሚስትየዋን "እህቴ፣ አንቺ በደንብ እያጠቃሽ ነው፤ ከጨዋታ ውጪ የሆነው እሱ ነው" ብሏት ባልየው እስከ ዛሬ ያኮርፈዋል። አባቱ የሞተበትን ጎረቤቴን ሊያጽናና ገብቶ ደግሞ "አይዞህ ወንድሜ፣ አባትህ ጨዋታውን ጨርሶ ነው የወጣው፤ በቀይ ካርድ አልወጣም" ሲለው የምገባበት ጠፋኝ። ጎረቤቴ ግን በእንባው መሃል ሳቀ። ሐዘን ከተቀመጠ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ይህ ሰው ስለ መዝራትና ስለ ማጨድ ሲጀምርማ ማን ያቆመዋል! ሰው ሁሉ ስለ እርሻ ሲሰማ ማሳ ይታየዋል፤ እሱ ሜዳ ነው የሚታየው። ተሸንፈን፣ አንገታችንን ደፍተን ከሜዳ ስንወጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

"ጎል አስገባን?"

"አላስገባንም ጋሼ።"

"ዘሩስ?"

ጭቃችንን እናራግፋለን።

"ዘሩ ገብቷል!" ይላል፣ ዋንጫ እንዳነሳ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

ዘር የሚለው ምን መሰላችሁ? እጅ አውጥቶ ጥፋትን ማመንን ነው። በእግር ኳስ ልምምድ እጅ የሚያሠራ አሰልጣኝ ከእሱ በቀር አላየሁም። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ከመነካቷ በፊት በሰልፍ ያቆመንና እጅ ያስወጣናል። "ነክተህ ወጣች፣ እጅ! ጠልፈህ ጣልክ፣ እጅ! ዳኛው ባያይም፣ እጅ!" ዘማሪው አጥቂያችን ክንዱ እየዛለ "ጋሼ፣ ጎል ማግባት መቼ ነው የምንለማመደው?" ብሎ ቢጠይቀው "ልብህ ሲጸዳ" ብሎ መለሰለት። እንግዲህ ልባችን መቼ ጸድቶ! የሐቀኛነት ስም ግን ወጣልን። ኳስ በወጣች ቁጥር ዳኛው የመስመር ዳኛውን ትቶ ወደ እኛ ይዞራል። "የማን ናት?" ይለናል፤ እንነግረዋለን። ቅጣት ምቱን ራሳችን በራሳችን ላይ እናስወስን ነበር።

እኔ በረኛው ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩ እጅህ ፈጣን ነው ብለው መደቡኝ። አንደኛ ተቃዋሚው እኔ ነበርኩ፤ ደንበኛዬን ላጭቼ እስክጨርስ አሰልጣኙን ሳማ ነበር የምውለው። "ይሄ ሰውዬ ቡድናችንን ገዳም አደረገው!" እል ነበር።

ሽንፈቱ ሲበዛ የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ አሰልጣኛችንን ጠሩት። ሰብሳቢው ረጋ ብለው የሚናገሩ፣ ከረባታቸው የማይጣመም ሰው ናቸው።

"ወንድሜ፣ በየሳምንቱ እየተሸነፉ ስለ ድል ነሺው ጌታ መመስከር ይከብዳል" አሉት። "ምዕመናን ደግሞ መኪና ማቆሚያ አጥተዋል። ከጋራዡ ቡድን ጋር ያላችሁን ጨዋታ ካልተሸነፋችሁ ሜዳው የእናንተ ነው። ከተሸነፋችሁ ግን ቡድኑ ይዘጋና ሜዳው ማቆሚያ ይሆናል።"

አሰልጣኙ ሚስት የለችውም፣ ልጅ የለውም። ከዚህ ቡድን ሌላ ቤት የለውም ብል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ሳምንት "ዘሩ ገብቷል" ሲል አልሰማሁትም፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ።

በጨዋታው ቀን ሜዳው ጭቃ ነበር። የጋራዡ ሰዎች አጥቂ "ክሪክ" የሚሉት መካኒክ ነው፤ ትከሻው መኪና የሚያነሳ ይመስላል። እንደምንም ብለን ዜሮ ለዜሮ እስከ መጨረሻው ደረስን። አቻ ይበቃናል። ያን ጊዜ ክሪክ ከቅርብ መታት። ወደቅኩባት፤ ጭቃው ይዞኝ ተንሸራተተ፤ ኳሷም በሆዴ ስር እንዳለች መስመሩን አለፈች። ጎትቼ መለስኳት። ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ማንም አላየም።

"ገብታለች!" ብሎ ጮኸ ክሪክ።

ዳኛው ሩቅ ነበር። እየሮጠ መጣና፣ እንደለመደው፣ ወደ እኔ ዞረ። "በረኛ፣ አንተ ንገረኝ፤ ገብታለች?"

ወደ አሰልጣኛችን አየሁ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር።

ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው!

እኔን ላለማየት፣ አይቶም አንዳች ነገር ላለመለመን፣ የሌለ ማሰሪያ ያስራል። "ይሄን ሰው ቤቱን አፈርስበታለሁ?" አልኩ ለራሴ። ዋሽ፣ ማንም አያውቅብህም፣ ዋሽ! አፌ ሊዋሽ ተከፍቷል፤ እጄ ግን የቅዳሜውን ለምዷል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አገኘሁት።

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

ፊሽካው እንደተነፋ አሰልጣኙ ጭቃውን እየረገጠ መጣብኝ። ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"አንተ ሰውዬ! ጤና አለህ? ማን ተናገር አለህ?"

"ዳኛው ጠየቀኝ።"

"ቢጠይቅህስ! ምን አባህ ቆርጦህ ነው? ማን ነው እንዲህ አድርግ ብሎ ያስተማረህ?"

"አንተ ነሃ!" አልኩት፤ እኔም ጮህኩ። "በየቅዳሜው ክንዳችንን ያዛልከው ማን ነው? እንግዲህ ያንተው ነው፤ እጨደው!"

ቀጥ አለ። የሚያለቅስ መስሎኝ በተናገርኩት ተቆጨሁ። ሰብሳቢው ከረባታቸውን እያስተካከሉ ደረሱ።

"እንግዲህ ወንድሜ፣ እንደተነጋገርነው..."

አሰልጣኙ እጁን አወጣ። ልክ ቅዳሜ እንደሚያስወጣን፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ይኸው፣ በጭቃ መሃል፣ ማንም ሳያይ በቀለ! ሜዳውን ውሰዱ፤ መኪና አቁሙበት፤ ይመቻችሁ። ቡድኑን ግን አትዘጉትም። ቅዳሜ ልምምድ አለ።"

"የት?" አሉ ሰብሳቢው።

"እሱን እኔ አላውቅም። ግን አለ።"

ክሪክ ጭቃውን ከጉልበቱ እየጠረገ "ቅዳሜ ጠዋት የጋራዡ ግቢ ሥራ የለበትም" አለ። "መኪኖቹን ወደ ጥግ እንገፋለን።"

አሁን ዘይት በጠጣው መሬት ላይ፣ በተፈቱ ሞተሮች መሃል እንለማመዳለን። ክሪክም መጥቶ ይሰለፋል፤ እጅ ሲያወጣ ክሬን ያህላል። አሁንም እንሸነፋለን። ሰብሳቢው ይስሙ፣ ምዕመናኑም ይስሙ፣ ሕፃን ሽማግሌው ይስማ፤ እንሸነፋለን፣ ደግሞም እንመጣለን! በዚህ የሚስቅብን ካለ ፀጉር ቤቴ ክፍት ነው፤ ይምጣና ምላጭ በእጄ እያለ ይሳቅ።

አሰልጣኙ ግን ያቺን ጎል እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም። በነጠላ ጫማው ዘይቱን እየዘለለ ከወዲያ ይጮህብኛል።

"አንተ በረኛ! እጅ የተሰጠህ ለማመን ብቻ አይደለም፤ አልፎ አልፎ ኳስም ያዝበት!"

ይጩህብኝ። ዕድሜ ይስጠውና ይጩህብኝ።