የኮሪደሩ የምሥራች

በቻይናዋ ሲቹዋን ምድር ዘመናዊውንና ባህላዊውን ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር ካጋቡት ሆስፒታሎች ሁሉ ትዳሩ ፍጹም ሰላማዊ የሆነው ዶክተር ሙ ቼንግያን በሚሠሩበት ነው፤ ባልና ሚስቱ አይነጋገሩም። በምሥራቁ ክንፍ ሆድ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ በምዕራቡ ክንፍ የባህል ሐኪሙ ጋሽ ቺያኦ በሦስት ጣታቸው የእጅ ትርታ ያዳምጣሉ። በመሃል የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ሰብሳቢው ዶክተር ሙ ናቸው። ኮሚቴው ሰባት ዓመት ሙሉ ሻይ ጠጥቶ አንድ ታላቅ ሕግ ወልዷል፦ «ታማሚ ሙሉ እውነቱን የማወቅ መብት አለው፤ መብቱን የሚጠቀሙለት ግን ቤተሰቦቹ ናቸው።»

አሠራሩ የታወቀ ነው። ክፉ በሽታ ሲገኝ ልጅ ወደ ኮሪደር ይጠራል፤ ይነገረዋል፤ ፊቱን ይታጠባል። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ለአባቱ «ምንም የለብህም፣ የፈለግከውን ብላ» ይላል። ኮሪደሩን የማይፈራ ያገሩ ሰው የለም።

ሰኞ ዕለት የሰባ ስምንት ዓመቷ እማማ ፉ ሆዳቸውን ቆርጧቸው መጡ። ጭንቀታቸው ሌላ ነበር፦ ሐሙስ ከጓደኞቻቸው ጋር በአውቶቡስ ወደ ኤሜይ ተራራ ሊሄዱ ነው፤ ጉዞውን ሦስት ዓመት ሲመኙት ኖረዋል። አልትራሳውንዱ ምንም አላገኘም። ጋሽ ቺያኦም ትርታውን አዳምጠው «ከእኔ ይሻላሉ፤ በርበሬ አብዝተው ነው» አሉ። ሁለቱ ክንፎች ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዶክተር ሙ ከደስታቸው ብዛት የምሥራቹን ራሳቸው ሊያበስሩ ወጡና፣ ልማድ ክፉ ነው፣ የእማማ ፉን ልጅ ዴሹንን ወደ ኮሪደር ጠሩት።

«እናትህ ምንም የለባቸውም» አሉት።

«ገባኝ» አለ ዴሹን፤ እንባው ወረደ።

«የምሬን ነው። ጤነኛ ናቸው።»

«ዶክተር፣ አይደብቁኝ፤ እችለዋለሁ። የት የት ተሠራጭቷል?»

«የትም።»

«የትም?» ዴሹን ግድግዳውን ተደገፈ።

ጋሽ ቺያኦ ሊያረጋጉት ብቅ አሉ። «ምን ያስለቅስሃል? የፈለጉትን ይብሉ!»

ዴሹን ራሱን ሳተ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ዶሮዋ ግን ቢያንስ ኮሚቴ አላሰበሰበችም። እዚህ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተቀመጠ። ችግሩ ጥልቅ ነበር፦ እውነቱ ከተለመደው ውሸት ጋር ቃል በቃል አንድ ሆኗል። መፍትሔውን ያመጡት ጋሽ ቺያኦ ናቸው።

«ለታማሚ ፊት ለፊት የሚነገረው ቀላል በሽታ ብቻ ነው» አሉ። «እንግዲያው አንድ ቀላል በሽታ እንስጣቸውና እንገላገል።»

«እውነትን ለማሳመን ስንል?» አሉ ዶክተር ሙ።

«ሌላ ለምን ይዋሻል?»

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ጤነኛ የሆነ ታማሚ፣ ለቤተሰቡ ሰላም ሲባል፣ አነስተኛ በሽታ የማግኘት መብቱ የተጠበቀ ነው።» ምሥራቁ ክንፍ የጨጓራ በሽታ አቀረበ፣ ምዕራቡ በባህሉ ሕክምና የታወቀውን የጣፊያ እርጥበት። እኩልነት እንዳይጓደል ጣፊያው ጸደቀና ከምሥራቅ ግሉኮስ፣ ከምዕራብ እንደ ሬት የሚመር ጥቁር ቅጠል፣ በጋራ የአሥራ አራት ቀን አልጋ ታዘዘ። ውሳኔው በእማማ ፉ ፊት ሲነበብ ዴሹን ሊጨፍር ምንም አልቀረውም።

«ጣፊያ ብቻ? እሰይ እማዬ፣ ተረፍሽ!»

«ሐሙስስ?» አሉ እማማ ፉ። ዴሹን ትራሱን አስተካከለላቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሙ በበሩ ሲያልፉ አሮጊቷ የግሉኮሱን ጠብታ እየቆጠሩ፣ ለተራራው የተገዛው አዲስ ጫማ አልጋው ሥር ተቀምጦ አዩ። በሙያቸውም በኮሚቴያቸውም አፈሩ። ገብተው በሩን ዘጉ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአሮጊቷን እጅ ያዙ።

«እማማ፣ ሕጉን ጥሼ ለእርስዎ ለራስዎ እውነቱን ልንገርዎ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምንም የለብዎትም። ነገ ይሂዱ። ተራራውን ይውጡ፤ የፈለጉትን ይብሉ።»

 እማማ ፉ የዶክተሩን እጅ ቸብ ቸብ አደረጉ።

«አይዞህ ልጄ» አሉ። «አንተም ስንቱን ትችለዋለህ። ብቻ አደራህን፣ ለዴሹን እንዳትነግረው፤ እሱ ጣፊያ ነው ብሎ ደስ ብሎታል።»