ቫሌሪያን ስሙን ያልጻፈበት ዲስክ

ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር ባቆሙበት ሁሉ፣ ባልሠራው ነገር ላይ ስሙን የሚጽፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎች ባዋጡበት የቀብር አበባ ጉንጉን ሪባን ላይ ስሙን የሚያስጽፈው እሱ ነው፤ ለፎቶግራፍ ሲቆሙም መሃሉ የእሱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሎጂክ ሳስተምር ኖሬ ይህን የሚያፈርስ አንድ ምሳሌ አላገኘሁም።

የእኛው እንዲህ ያለ ሰው ክቡር ፓን ቫሌሪያን ኩቢትስኪ ነበር፤ በእኛ በፖላንዶች ዘንድ «ፓን» አቶ፣ «ፓኒ» ወይዘሮ ማለት ነው። በሥራ ቀን የከተማችን የቢቶም ትራም ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ሳይከፍል የተሳፈረን ሰው ያለ ርኅራኄ ይቀጣል። ቅዳሜ ግን በትምህርት ቤቱ የፊዚክስ ክፍል፣ በቤት ኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ፣ ማንም ያልከፈለበትን ፕሮግራም ለሁሉም ይገለብጣል። ይህን ተቃርኖ ባነሳሁበት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦

«ፓን ፕሮፌሰር፣ ትራም ላይ ወንበር ይያዛል። እዚህ ማን ተነሳ?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ቤቴ የገባሁባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ላም የተሰረቀበት ሰው በረቱ ባዶ ይሆናል። ፕሮግራም የተገለበጠበት ሰው ግን ፕሮግራሙ እዚያው አለ፤ የጎደለበት ያላገኘው ገንዘብ ነው። ያላገኙትን መሰረቅ ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ አሰላስላለሁ። ቫሌሪያን ማሰላሰል አልወደደም፤ መፈረም ነበር የሚወደው።

የማንኛውንም የኮምፒዩተር ጨዋታ ከመገልበጥ የሚከለክለውን ቁልፍ ሰብሮ ሲጨርስ መግቢያው ላይ የራሱን ማስታወቂያ ይተክላል። ዲስኩን ከተህ ስትጠብቅ፣ «ይህን የከፈተው የቢቶሙ ቫሌሪያን ነው» የሚል ጽሑፍ ቀለሙን እየቀያየረ ከቀኝ ወደ ግራ ይሳባል፤ ጡሩምባ የሚመስል ሙዚቃም ያጅበዋል። ማቋረጥ አይቻልም። ጦርነት ልትገጥም የተቀመጥክ ሰው መጀመሪያ ቫሌሪያንን ታሳልፋለህ።

ለደብራችን ቄስ የምእመናን መዝገብ መያዣ ፕሮግራም ገልብጦ ሰጣቸው። ቄሱ ሟች ሊመዘግቡ፣ ሐዘንተኞቹ አጠገባቸው ቆመው እያለቀሱ፣ ጡሩምባው ተነፋ። በማግስቱ መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር እንኳ በየቅጠሉ ላይ አልፈረመም።»

«እሱማ የሚፎካከረው የለም፣ አባ» አላቸው።

ሚስቱ ፓኒ ሃሊና ለክበቡ የሻይ ሰዓት የምትልከው በጨው ውሃ የኮመጠጠ ኪያር ነበር፤ ጥፍጥናው አገር ያወቀው። በየማሰሮው ላይ ግን «ቫሌሪያን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ኪያሩን የተከልኩት እኔ፣ የለቀምኩት እኔ፣ ጨው የነሰነስኩት እኔ» ትላለች፤ «እሱ ክዳኑን አጠበቀ!»

«ክዳን የሌለው ኪያር ይበላሻል» ይላል እሱ፣ እየበላ።

ስለ ሙያውም የማይሰለቸው አንድ አባባል ነበረው፦ «ትኬት ያልቆረጠ ሰው ጫማውን ያያል። ፊቱን ተወው፤ ጫማውን ካየ ያዘው።» በየሳምንቱ ሰምተነዋል።

ከዚያ ፕሮግራም መገልበጥን ወንጀል ያደረገው አዲሱ ሕግ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ከዋርሶ አንድ ጠበቃ መጣ፣ የፕሮግራም ሻጮች ወኪል ነኝ ብሎ፤ ከኋላው አንድ ፖሊስ አለ። ዘበኛዋ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት ሁለቱንም እንግዶች እንደ ማንኛችንም ጫማቸውን አስወልቃ የክፍል ነጠላ ጫማ አጠለቀችላቸው። ይህም ሆኖ ፈራን። ከሁሉም የፈራችው ፓኒ ሉድቪካ ናት። የፊዚክስ መምህርቷ እሷ ነች፤ ክፍሉን በስሟ ያስፈቀደችልንም እሷ። አንድ ነገር ቢገኝባት ከማስተማር ትባረራለች፤ ከማስተማር ሌላ ሕይወት ደግሞ አልነበራትም።

ጠበቃው ዲስኮቹን አንድ በአንድ መክፈት ጀመረ። ጡሩምባ። ቫሌሪያን። ሌላ ዲስክ፤ ጡሩምባ፤ ቫሌሪያን። ግማሹን የገለበጥነው እኛ ነበርን፤ ግን ከእሱ ቅጂ ስለገለበጥን ስሙ አብሮ ተገልብጧል።

«ቫሌሪያን ማነው?»

ቫሌሪያን ኮቱን ቆልፎ ተነሳ። «ኩቢትስኪ እባላለሁ። ቀለሙ ሲቀያየር አስተዋሉት?»

«ጌታዬ፣ ይህ እኮ ወንጀል ነው!»

«ሙዚቃውም የራሴ ነው።»

ፖሊሱ ሳቁን ዋጠ። ጠበቃው የመጨረሻውን ዲስክ ከተተ። ጡሩምባ የለም። ስም የለም። ቀጥታ የጂኦሜትሪ መሣያ ፕሮግራም ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ መግዛት ስላልቻለ፣ ፓኒ ሉድቪካ በክረምቱ ዕረፍት ራሷ ቁልፉን ሰብራ ለተማሪዎቿ ያዘጋጀችው ነው።

«ይህስ የማነው?» አለ ጠበቃው። «የሌላ ሰው እጅ አለበት ማለት ነው። ይህ ክፍል በማን ስም ነው የተያዘው?»

ፓኒ ሉድቪካ አንገቷን ደፍታ ነጠላ ጫማዋን አየች።

ቫሌሪያን አያት። እሷ ስታይ የነበረውንም አየ።

«የእኔ ነው» አለ።

«ስምዎ የለበትማ!»

«አፍሬበት ነው። ሥራው የረባ አይደለም።» ከዚያ እንደ ተቀየመ ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «ሰው ባገኘው ነገር ሁሉ ላይ ስሙን ይጽፋል እንዴ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው። ጠበቃው ግን ጻፈ፤ ቫሌሪያንም ፈረመ። ፊርማው ገጹን ግማሽ ያዘ።

ኮምፒዩተሩን ወሰዱበት፤ ፍርድ ቤትም ቀጣው። ፓኒ ሉድቪካን የጠየቃት የለም።

ክበቡ እንደገና ሲከፈት ቫሌሪያን አንድ ማሰሮ ኪያር ታቅፎ መጣ። ሁሉም በየራሱ ማሽን ፊት ሲቀመጥ እሱ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ፓኒ ሉድቪካ ጠራችው። የጂኦሜትሪውን ቅጂ ከታ አስነሳችው፤ እሷ ያስገባችው የቫሌሪያን ስም ቀለሙን እየቀያየረ ከቀኝ ወደ ግራ ተሳበ። ጡሩምባውም አልቀረም።

ቫሌሪያን ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው ተመለከተ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።

«ፓኒ ሉድቪካ» አለ፣ «የመጨረሻዋ ፊደል ትንቀጠቀጣለች። ሰው ምን ይለኛል? እስቲ ይነሱልኝ።»

ተነሳችለት። ሻይ ይዤለት አጠገቡ ቆምኩ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቀና አላለም።