የቴኒስ አሰልጣኝ ነኝ ያልኩ ጊዜ

በዚህ አገር አሰልጣኝ ያልሆነ ወንድ ካያችሁ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠይቁ! በሕይወት ያለው ሁሉ አሰልጣኝ ነዋ! እኔማ ከተራው አሰልጣኝ አይደለሁም... የቴኒስ ነኝ። ራኬት ይዤ አላውቅም፤ ግን ዲሽ አለኝ።

የወንድሜ ልጅ ሂሩት ፕሮፌሽናል ቴኒስ ተጫዋች ናት። አባቷ አዲስ አበባ አንድ ክለብ ውስጥ አትክልተኛ ነበር፤ እዚያ አንድ ቀን የተሰነጠቀ ራኬት ሰጧት፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? ሁለት ዓመት ሙሉ ከአገር አገር እየዞረች በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈች። ያን ጊዜ ወልቂጤ ውስጥ አጎቷ መሆኔን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። (ምን አስቸኮለኝ?) ባለፉት ጥቂት ወራት ግን ነገር ተገለበጠ! ናይሮቢ ላይ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች... አጎቷ ሆንኩ። ካይሮ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ገባች... አማካሪዋ ሆንኩ። ቱኒስ ላይ ዋንጫ ማንሳቷ የተሰማ ጊዜማ፣ ኑረዲን ጸጉር ቤት ግማሽ ጸጉሬ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ከወንበሩ ብድግ አልኩና፣

«ያንን በእጇ ጀርባ የምትመታውን ምት ያስተማርኳት እኔ ነኝ!»

ምላስ አጥንት የለውም ይባል የለ? የኔ ፍሬንም የለውም።

መስቀል ደረሰ። መስቀል ሲሆን ጉራጌ የትም ይሁን የት አገሩ ይገባል፤ ይቺም መጣችላችሁ፣ ሦስት ራኬት በጀርባዋ አዝላ! ኑረዲን ገና ከባጃጅ ስትወርድ ያዛት።

«ሂሩትዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! አጎትሽ እንዴት እንዳስተማረሽ ሳናይማ ወላሂ አትሄጂም!»

«አጎቴ... ያስተማረኝ?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ነው። ሳቋን ዋጠች። «እሺ፣ ነገ ጠዋት እንጫወታለን።»

ውሸታም ነው ብትል ይሻለኝ ነበር! በዚህ ከተማ ያለኝ ሀብት ስሜ ብቻ ነው፤ እሱም ነገ ጠዋት ሊቀበር ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የመረብ ኳሱን መረብ ዝቅ አድርገው ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ክትፎ ስጭን የሰነበትኩ ሰውዬ፣ ሆዴ ቀድሞኝ ሜዳ ገባ። ተስፋዬ አንድ ነበረች... አጎቷን የምትደፍር የጉራጌ ልጅ የለችም!

ደፈረች።

የመጀመሪያዋን ኳስ አላየኋትም፤ ድምጿን ብቻ ሰማሁ። ሁለተኛዋ ጆሮዬ ሥር አፏጭታ አለፈች። ሦስተኛዋ ሆዴ ላይ አረፈች። ያ ሁሉ ክትፎ ባይመክትልኝ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር!

«ጎሽ!» አልኩ እጥፍጥፍ ብዬ፣ «ልክ እንዳስተማርኩሽ!»

ይሄኔ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ዘርጋ ከዘራቸውን ይዘው መሀል ገቡ። ቴኒስ አይተው አያውቁም። የታያቸው አንዲት ልጅ በዓመት በዓል አጎቷን ስትወግር ነው።

«ተዪ አንቺ! በመስቀል ተቀያይሞ መዋል ነውር ነው! ቁጭ በሉ ሁለታችሁም!»

«ጋሽ ዘርጋ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ ኑረዲን።

«የምን ጨዋታ? ሰውዬው ሆዱን ይዞ!»

ምን ይደረግ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጥንና ሽምግልና ተጀመረ።

«እውነቱን ተናገር» አሉኝ። «ምን አጥፍተህባት ነው እንዲህ ያመረረችብህ?»

ጸጉር ቤት መዋሸት ሌላ፣ በመስቀል ሽማግሌ ፊት መዋሸት ሌላ! እኔም ላቤን ጠረግኩና...

«አስተማርኳት ብዬ ዋሽቼ ነው። እንኳን ቴኒስ፣ ብስክሌት አላስተማርኳትም።»

ኑረዲን መሬት ላይ ተንከባለለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ስል፣ ሂሩት እጇን አወጣች።

«ጋሽ ዘርጋ፣ እኔም ልናገር። ያን ሁለት ዓመት በተሸነፍኩ ቁጥር ደውሎ ‹ዳኛው ዕውር ነው› የሚለኝ አጎቴ ብቻ ነበር። ጨዋታውን ሳያየው!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ... የወልቂጤ አቧራ መቼም ታውቁታላችሁ።

ጋሽ ዘርጋ ፈረዱ። እሷ ጉልበቴን ሳመች፤ እኔ ሁለተኛ «አስተማርኳት» እንዳልል ማልኩ። ግጥሚያውም በእርቅ ተቋረጠ።

መሐላዬን አክብሬያለሁ፤ ይኸው ጸጉር ቤት አንዲት ቃል ስለ ማስተማር አልተነፈስኩም። የምናገረው የሆነውን ብቻ ነው፦ ቱኒስ ላይ የገጠሟትን በሙሉ ጠራርጋለች፤ ከዚያ ወዲህ ገጥማው ያላሸነፈችው ሰው ግን አንድ ነው፣ እሱም ወልቂጤ ይኖራል!